ውሃው ምን አሞት ነበር?

ቧንቧው ወይን ጠጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀለሙን ስለምወደው ነው። የሚጠጣው ውሃ በሰማያዊ ቧንቧ ይሄዳል፣ የእኔው ደግሞ በወይን ጠጁ፤ ማንም እንዳያምታታቸው። የናሙናውን ቁራጭ ከመሥሪያ ቤት ይዤ የመጣሁ ቀን ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ይሄንን ደግሞ መሃላችን ልታስተኚው ነው?" አለኝ። አላስተኛሁትም። ራስጌ ካለው ጠረጴዛ ላይ ግን አስቀምጬዋለሁ።

ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው፤ የውሃ ክፍል። የምንኖረው ኮረብታው ላይ፣ በአማቴ ግቢ ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ እሱም እንደ ኩሩ እንግዳ አርፍዶ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። በየግቢው በርሜልና ጀሪካን ተደርድሯል። እኛ ሰፈር ሰው ሲቀጥሩት "ማክሰኞ አይሆንልኝም፣ የውሃ ቀን ነው" ይላል፤ ቀጣሪውም አይቀየምም።

እኔ ደግሞ መላ ነበረኝ። ከኮረብታው ግርጌ ትልቅ የሕዝብ ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቶችና ሆቴል አሉ። ከእነሱ ሳፋና ገንዳ የሚወጣው ውሃ ሌት ተቀን ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ያ ውሃ ወንዙ ዳር ወደተሠራው አዲስ ጣቢያ ገብቶ ይጣራና በወይን ጠጁ ቧንቧ ተገፍቶ ኮረብታውን ይውጣ። ለሽንት ቤት፣ ለጓሮ፣ ለወለል ማጠቢያ ይዋል። ንጹሑ ውሃ ሽንት ቤት ውስጥ መደፋቱ ከቀረ ለመጠጥና ለማብሰያ በየቀኑ ይደርሰናል። ሂሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ በሠራሁት ቁጥር ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር ደግሞ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ።

ዕድሉም እጃችን ላይ ነበር። የሰፈራችን መንገድ አስፋልት ሊለብስ ተቆፍሮ ቦዩ አፉን ከፍቷል፤ ቧንቧዬም ከቦዩ ዳር ተከምሯል። ሰኞ ጠዋት የአስፋልት ሠራተኞች ይገባሉ። አንዴ ከለበሰ በኋላ መንገዱን መቁረጥ በከተማው ደንብ ለዓመታት ክልክል ነው። ደንቡን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ ሌላም ነገር ይላል። ሁለተኛ የውሃ መስመር ወደ ሰፈር የሚገባው ነዋሪው ተሰብስቦ እጅ አውጥቶ ሲስማማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ከሰኞ በፊት እሺ ካለ ቧንቧው ይቀበራል። እንቢ ካለ ቧንቧው ተጭኖ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ እኛም ጀሪካናችንን አቅፈን እናረጃለን።

እንቢ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም። ውሃ ላምጣላችሁ ሲባል እንቢ የሚል ሰው የት አለ?

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት አለቃዬ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የጣቢያው ኬሚስት አሉ፤ ትምህርታቸውን ዳር ያደረሱ፣ ዓይን አፋር ሰው፣ ሁላችንም "ዶክተር" የምንላቸው። አማቴ መሃል ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው እጅ ካወጡ ግማሹ አዳራሽ ያወጣል፤ እሳቸው እጃቸውን ካጣጠፉም እንደዚያው። ምራታቸው ነኝና ልቤ ሙሉ ነበር።

ተነሳሁና ሁለት ሜትር የሚሆነውን ፖስተር ዘረጋሁ። በትልልቅ ቀይ ፊደል "የታከመ ውሃ በየደጃችሁ" ይላል። እኛ መሥሪያ ቤት የቆሸሸ ውሃ ማጣራትን "ማከም" እንላለን። ስንለው ስለኖርን ቃሉ ጆሯችን ላይ ምንም አይልም። ስለ ጣቢያው፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ወይን ጠጁ ቧንቧ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ተናገርኩ። ስጨርስ አማቴ እጃቸውን አወጡ።

"ኢንጂነሯ" አሉኝ። ቤት ውስጥ "ልጄ" ነው የሚሉኝ። "የታከመ ነው ያልሽው?"

"አዎ እማማ። በደንብ የታከመ።"

"ምን አሞት ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አንዱ ከኋላ "ወባ ይሆናላ" አለ። ሌላው ተቀብሎ "ሆዱን ነው እንጂ፣ እንዲህ የሚፈስሰው" አለ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። አለቃዬ ነገሩን ለማስተካከል "እስቲ ዶክተሩ ያስረዱን" አሉ፤ ባላሉ ይሻል ነበር። ዶክተሩ ተነሱና አንገታቸውን ደፍተው "ውሃውን የማክመው እኔ ነኝ" ብለው ጀመሩ። ወዲያው አንዲት ሴትዮ "ዶክተር፣ መቼም ከመጡ አይቀር ወገቤንም ቢያዩልኝ" አሉ። ከጎናቸው ያሉት ደግሞ ጉልበታቸውን ማሳየት ጀመሩ። "ይቅርታ፣ እኔ እንኳ የውሃ ነኝ" አሉ ዶክተሩ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው።

አማቴ ግን አልሳቁም፣ አልተቀመጡምም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

"እኔ ለጨዋታ አልጠየቅኩም" አሉ። "ታክሟል ማለት ድኗል ማለት አይደለም። ይሄንን እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።"

ይህን ብለው ተቀመጡ። እዚያ ከነበረው ሰው አብዛኛው የባለቤቴን አባት ቀብሯል። አባባ ሆስፒታል ከርመው "ታክመዋል፣ ይውሰዷቸው" ተብሎ ነው ወደ ቤት የመጡት። አማቴ አልጋውን አንጥፈው፣ ግቢውን አስጠርገው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ "ታከመልኝ" እያሉ ነግረው ነበር። ሳምንት አልሞላቸውም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያ ቃል አይነሳም፤ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ መጣ እንላለን እንጂ ታከመ አንልም። እኔ ደግሞ ቃሉን በቀይ ፊደል አስጽፌ ፊታቸው ሰቀልኩት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስብሰባውን የሚመሩት ሰውዬ ድምፅ መስጠቱ ለነገ ከሰዓት ይደር አሉና ሰው ተበተነ። ፕላኔን ውሃ በላው ማለት ይሄኔ ነው።

ቤት ስደርስ በራሴም በሰፈሩም በዓለሙም ተናድጄ ነበር። ስናደድ ሳህን አጥባለሁ። ሳፋ ሙሉ ሳህን አጠብኩና ውሃውን አንስቼ ማፍሰሻው ላይ ቸለስኩት። ከጓሮ በኩል የአማቴ ድምፅ መጣ።

"እጣቢውን ደፋሽው?"

"ደፋሁት እማማ።"

"ወይ ጉድ! ሎሚዬ ምን ትጠጣ?"

ሎሚዋ ጓሮ ናት። አባባ በእጃቸው የተከሏት ስለሆነች አማቴ ከሰው እኩል ያዩዋታል፤ ጠዋት ጠዋት "አደርሽ?" ሲሏት ሰምቻለሁ። ባዶውን ሳፋ እንደያዝኩ ጓሮ ሄድኩ። ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ልብስ የታጠበበት ውሃ በባልዲ ተቀምጧል። ከሎሚዋ ሥር ደግሞ ጠዋት ገላ የታጠብንበት። በየቀኑ የማያቸው ባልዲዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ቆሜ ቀረሁ።

"እማማ፣ ይሄ ውሃ ስሙ ማነው?"

"እጣቢ ነዋ። ሌላ ስም አለው እንዴ?"

"አይጸየፉትም?"

"የራሴን እጣቢ ምን ብዬ እጸየፋለሁ? ጥሩ ውሃ ሽንት ቤት የሚደፋ እብድ ነው።"

"የጎረቤት እጣቢ ቢሆንስ?"

አማቴ ወገባቸውን ያዙና አሰቡ። "ሳህን የታጠበበት ከሆነ፣ ገላ ከሆነ፣ ልብስም ከሆነ ምን አለበት? እንደኛው ሰው ነው። ሽንት ቤት የነካው ግን እጣቢ አይባልም። እሱ ሌላ ነው። ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?"

አላመመኝም። ልቤ ነው ከደረቴ ሊወጣ የደረሰው። እዚህ ሰፈር ሁለተኛው መስመር ዱሮም ነበረ! በየቤቱ አንዱ ውሃ በቧንቧ ይመጣል፣ ሌላው ከሳፋ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሽንት ቤት በባልዲ ይሄዳል። ስምም አለው፣ ሕግም አለው። እኔ ለቤተኛው ሰው እንግዳ ስም ሰጥቼ ነው በሩን ያዘጋሁበት።

ደስታዬ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተያዘ። "ሽንት ቤት የነካው እጣቢ አይባልም" ብለዋል። በፕላኔ ውስጥ ደግሞ ከግርጌ ካለው አዲስ የጋራ ሕንፃ የምትመጣ አንዲት መስመር አለች፤ የገላውንም የሽንት ቤቱንም ውሃ ደባልቃ ወደ ጣቢያው የምታስገባ። ወረቀት ላይ ቀጭን መስመር ናት። ጣቢያው ያጣራታል ብዬ ከቁምነገር አልቆጠርኳትም። አሁን ግን ስሙን ከወሰድኩ መስመሯን ማውጣት አለብኝ፤ መስመሯን ካላወጣሁ ስሙ ውሸት ይሆናል።

"እማማ መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በነጠላ ጫማ ስሮጥ ባለቤቴ ከበሩ ላይ "የት ነው? ቧንቧው ጠፋ?" ሲል ይሰማኛል።

አለቃዬና ዶክተሩ ቢሮ ውስጥ፣ ካርታውን መሃላቸው ዘርግተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በመሆኑ ሌላ ሰው የለም። እጅጌዬ ላይ የሳሙና አረፋ አለ፤ አለቃዬ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥለው ጫማዬን አዩ።

"እጣቢ" አልኳቸው።

"ምን?"

"ስሙ እጣቢ ነው። የታከመ ውሃ አይደለም፣ እጣቢ ነው።"

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "የከተማ ፕላን ሰነድ ውስጥ እጣቢ የሚል ቃል አይተሽ ታውቂያለሽ? ከንቲባው ፊት ቆሜ 'የእጣቢ ፕሮጀክት' ልበል?"

"ይበሉ። ከንቲባውም ቤት ሳህን ይታጠባል።"

"ያቺ የጋራ ሕንፃዋ መስመርስ?"

"ትወጣለች። ገና አልተገጠመችም። የሕንፃው ፍሳሽ እስከ ዛሬ እንደሚሄደው ወደ አሮጌው መስመር ይሂድ።"

ዶክተሩ በድንገት ተነሱና እርሳስ አንስተው ካርታው ላይ መስመሯን ሰረዟት። "ይቺ ከወጣችልኝ ሥራዬ በግማሽ ይቀልላል" አሉ። "ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ነበር። ቀድሞ ተወስኖ ስለመጣ ዝም አልኩ እንጂ።"

"ውሃውስ ይበቃል?" አሉ አለቃዬ።

ፖስተሩን ገልብጠን በጀርባው ላይ ሂሳቡን እንደገና ሠራነው፤ እኔ ስጽፍ ዶክተሩ ይደምራሉ፣ ዶክተሩ ሲጽፉ እኔ እቀንሳለሁ። ለሽንት ቤትና ለጓሮ በቃ። ግርጌ ላሉት የመኪና ማጠቢያዎች ግን አልተረፈም።

"ለእነሱ ቃል ገብቼላቸዋለሁ" አሉ አለቃዬ።

"ለኮረብታውስ?"

አፌን ያዝኩ፤ ግን ወጥቷል። አለቃዬ ትክ ብለው አዩኝ። ከሥራ የተባረርኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"እኔ ቤት እጣቢ የደፋ ሰው እራት የለውም" አሉ። "ባለቤቴ ቀልድ አታውቅም። የመኪና ማጠቢያዎቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፣ የራሳቸውን እጣቢ አጣርተው ይጠቀሙ። ግን ስሙን ከወሰድነው እንዳለ ነው የምንወስደው። እጣቢ ብለን ሽንት ቤቱን በጓሮ በር ብናስገባ ሰው ዓይናችንን ያወጣዋል።"

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ከቅዳሜው ይልቅ ሞልቶ ነበር፤ ወሬው ጥሩ ነበራ። ፖስተሬን በጀርባው ሰቀልኩት። ሂሳባችን እንዳለ ነው፤ ከላዩ ላይ "የእጣቢ መስመር" ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ።

"ውሃው አልታመመም" አልኩ። "እጣቢ ነው። ከገላ መታጠቢያው፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከሆቴሉ ሳህን የመጣ እጣቢ። እናንተ በባልዲ የምታመላልሱትን እኛ ተጣርቶ በቧንቧ እንዲመጣ እናደርገዋለን። አይጠጣም፣ አይበሰልበትም። ለጓሮና ለሽንት ቤት ነው።"

በአዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ፤ የሚያስፈራ ዓይነት አልነበረም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው "እጣቢ ነው እኮ" ይባባላሉ። አማቴ ብድግ አሉ።

"የሽንት ቤቱ አለበት?"

ዶክተሩን አየሁ፣ አለቃዬን አየሁ። የለበትም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እውነትም ነው፣ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ። ግን አማቴ ናቸው የጠየቁኝ።

"እስከ ትናንት ነበረበት" አልኩ። "እርስዎ ጓሮ ውስጥ እሱ እጣቢ አይባልም ሲሉኝ አወጣነው።"

ጉድ ፈላ። "ሳትነግሩን ልታመጡብን ነበር?" የሚለው በዛ። አንዱ ሰውዬ "ነገ ተመልሳችሁ ላለመቀላቀላችሁ ማን ዋስ ይሆናል?" አለ። ልክ ነው፤ ማን ይሆናል? አለቃዬ ሰነድ ማገላበጥ ጀመሩ፣ ዶክተሩ ስለ ምርመራ ማስረዳት ጀመሩ፣ ማንም አልሰማቸውም። ሁሉ ነገር ከእጄ ሲወጣ ይታየኝ ነበር።

"አንዴ ዝም በሉ" አሉ አማቴ። ዝም ተባለ። "ይቺ ልጅ ትናንት ታክሟል ብላ አናደደችኝ። ዛሬ ደግሞ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። ታክሟል ብለው ወደ ቤት የሸኙኝ ሰዎች የቀረውን አልነገሩኝም ነበር። ቢነግሩኝ ኖሮ ጎረቤት ሳልጠራ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።" ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። "ውሃው ይምጣ። መጀመሪያ ግን የኔ ሎሚ ትጠጣው። ከደረቀች ሁላችሁም ታያላችሁ።"

ሎሚዋን ማን እንደተከላት የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አማቴ ቆመው እንዳሉ እጃቸውን አወጡ፤ ከዚያ ከጎናቸው፣ ከዚያ ከኋላቸው፣ ከዚያ ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ። ወገባቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተው "አንዱን ያውርዱ" ተባሉ።

ሰኞ ጠዋት ቧንቧው ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሞ ነበር። እኔ ከቦዩ ዳር ዳር እየሮጥኩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጄ ነካሁ። የአስፋልቱ ሠራተኞች አለቃ "እመቤት፣ አንቺንም ከቧንቧው ጋር አብረን እንድንቀብርሽ ነው?" አሉኝ። ወይን ጠጁ ቀስ በቀስ በአፈር ተሸፈነ፣ አስፋልቱም ከላይ እየጨሰ መጣ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሠርጌን ጨምሮ። ባለቤቴ ይህን ሰምቷል።

ጣቢያው ሥራ የጀመረ ዕለት የመጀመሪያው ውሃ በጓሯችን ወይን ጠጅ ቧንቧ ወጣ። አማቴ ለሎሚዋ እጣቢ በሚያፈስሱበት ጣሳ ቀዱ፣ አሸተቱ፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩ። ከዚያ ሥሯ ላይ አፈሰሱ።

ከዚያ የመጠበቁ ጊዜ መጣ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ጓሮ እወጣለሁ። አንድ ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ዶክተሩን ጠራኋቸው። መሣሪያቸውን በሻንጣ ይዘው መጥተው አፈሩን ሲመረምሩ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ዶክተሩ ደግሞ ሎሚ ማከም ጀመሩ" ይላል። ዶክተሩ የረገፈው አሮጌ ቅጠል ነው፣ አይዟችሁ አሉን። አማቴ አላመኑም። ከመጡ አይቀር ብለው ግን ምሳ አበሏቸው።

በሰማያዊው ቧንቧ በኩል ደግሞ ንጹሑ ውሃ ሳይጠፋ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሰው አላመነም፤ በርሜሉን እየሞላ ይጠብቃል። ቀስ በቀስ በርሜሎቹ ከየደጁ ጠፉ። አሁን እኛ ሰፈር በማክሰኞ ቀጠሮ ማምለጥ አይቻልም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከጓሮ "ልጄ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሄድኩ። አማቴ ሎሚዋ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጣሳው ባዶውን ጭናቸው ላይ ነው። ቅርንጫፉን በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ አዘነበሉት። ከቅጠሉ መሃል ነጫጭ አበባ ነበረ፣ ብዙ። ከዚያ በታች ከአተር የማይበልጡ አረንጓዴ ሎሚዎች ይዛለች።

"አየሻት?" አሉ።

"አየኋት እማማ።"

እጃቸውን ዘርግተው ወይን ጠጁን ቧንቧ፣ ሰው ግንባር እንደሚነካ፣ በመዳፋቸው ነኩት።

"ድኗል" አሉ።

ሎሚዋ መስላኝ "ድናለች ለማለት ነው?" አልኳቸው።

"እሷ መቼ ታመመች? ውሃውን ነው የምልሽ።" ቅርንጫፉን ቀስ ብለው ለቀቁት። "እንዲህ ነው የዳነ የሚባለው። አባባ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።"

ሳቅኩም አለቀስኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። አማቴ ጣሳውን ሰጡኝና ውሃ እንድቀዳ ነገሩኝ፤ ቀድቼ ሎሚዋን አጠጣኋት።